የዶሮ መዋያን መሬት ማድረቅና ማልበስ

ለሐረር ከተማና በዙሪያዋ ላሉ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተዘጋጀ የቤት ንጽሕና ትምህርት

መግቢያ



ዶሮ ለቤት ያላትን ጥቅም ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እንቁላሏ ለልጅ ምግብ ነው፤ ቄቧ ስትሸጥ የጨውና የደብተር ገንዘብ ነው፤ እንግዳ በድንገት ሲመጣ ወይም በዓል ሲደርስ የእናትን ፊት የምታበራ እርሷ ናት። ስለዚህ ይህ ትምህርት ዶሮ አታርቡ የሚል አይደለም። ዶሮዋም እንድትቆይ፥ ልጁም ደኅና ሆኖ እንዲያድግ፥ ግቢውም እንዳይሸት ምን መደረግ እንዳለበት የሚያስረዳ ነው።

ነገሩ ሁሉ ባጭር ቃል ሲጠቀለል፥ የዶሮ መዋያ መሬት ደረቅ ይሁን የሚል ነው። ደረቅ እንዲሆን ግን ሥራው ተራ አለው። በመጀመሪያ ውኃውን መመለስ፥ ቀጥሎ መሬቱን ማልበስ ነው። ብዙ ሰው ይህንን ተራ ገልብጦ ይሠራዋል። ጭቃ ባየ ጊዜ ጭድ ይነሰንሳል፤ ጭዱ በሳምንቱ ይበሰብሳል፤ እንደገና ይነሰንሳል። እንዲህ ያለው ሥራ ድካም እንጂ ጥቅም የለውም።

1ኛ. ጭቃው የሚጎዳው ማንን ነው?

በመጀመሪያ ስለ ዶሮዋ እንናገር። አንዲት ያደገች ዶሮ በቀን 100 ግራም ያህል እርጥብ ኩስ ትጥላለች። ከዚህም ከአራት እጅ ሦስቱ ውኃ ነው። እንግዲህ 10 ዶሮ ባላት እናት ግቢ ውስጥ በየቀኑ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ኩስ ይወድቃል ማለት ነው። መሬቱ ደረቅ ሲሆን ፀሐይና ነፋስ ኩሱን ያደርቁታል። መሬቱ እርጥብ ሲሆን ግን ኩሱ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ይቀራል፤ ዓይንና አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ ይወጣዋል፤ ዝንብም ይፈላበታል።

በዶሮ ኩስ ውስጥ ኮክሲዲያ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። ይህ ተሕዋስ ከዶሮዋ ሆድ እንደ ወጣ ወዲያውኑ በሽታ አያስይዝም። ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ለማሳመም የበቃ ይሆናል። ጫጩቶች መሬቱን ጭረው ሲለቅሙ ይውጡታል። ከዚያ በኋላ ላባቸው ይንጨበረራል፥ ክንፋቸው ይወድቃል፥ ደም የተቀላቀለበት ያስቀምጣቸዋል። የሆድ ትልም እንቁላሉ እርጥበትና ጥላ ባለበት መሬት ውስጥ ለብዙ ጊዜ ሳይሞት ይቆያል። ሁለቱንም የሚያዳክማቸው ድርቀትና ፀሐይ ነው። ተራ የጽዳት መድኃኒት ኮክሲዲያን አይገድለውም፤ ስለዚህ መሬቱን ማድረቅ ከመድኃኒት ይቀድማል።

አሁን ደግሞ ወደ ልጁ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እርሱ ነውና። በዶሮ ሆድ ውስጥ ካምፒሎባክተር የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ዶሮዋን አያሳምማትም፤ እንዲያው ስታዩአት ደኅና ናት። ወደ ሕፃን አፍ ሲገባ ግን ተቅማጥ ያመጣል፤ ተቅማጥ ባይታይ እንኳ የሕፃኑን አንጀት እያቆሰለ የበላው ምግብ ለሰውነቱ እንዳይሆን ሊያደርግ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከሐረር ብዙ ሳይርቅ በሐረማያ ወረዳ ገጠር ዕድሜያቸው አንድ ዓመት ገደማ የሆነ 102 ሕፃናት ተመርምረው ነበር። ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ይህ ባክቴሪያ ሆዳቸው ውስጥ ተገኝቶባቸዋል፤ ከአምስቱ ሁለቱ ያህል ደግሞ ለዕድሜያቸው በሚገባ ቁመት አላደጉም፤ ማለት ቀንጭረዋል። የሕፃን መቀንጨር ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም በዶሮ ኩስ የመጣ ነው አይባልም። ቢሆንም የሚድኽ ልጅ እጁን ከመሬት አንስቶ ወዴት እንደሚወስደው እናንተ ታውቃላችሁ። በዚምባብዌ ገጠር ሕፃናት ለሰዓታት ሲጠበቁ፥ አንዳንዶቹ የዶሮ ኩስ ራሱን አንስተው ሲበሉ ታይተዋል።

ታዲያ ዶሮውን እናስወግድ ወይ? የለም። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ጥናት ዶሮ ባላቸው ቤቶች ያሉ ልጆች በቁመት ሻል ብለው እንደሚታዩ፥ ዶሮው ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት ውስጥ በሚያድርበት ግን ነገሩ ተገልብጦ ልጆቹ አጥረው እንደሚገኙ አሳይቷል። እንግዲህ ዶሮዋ ጠቃሚ ናት፤ ጉዳቱ ኩሷ ከልጁ ጋር መገናኘቱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚነግረን፥ በፔሩ አገር በሊማ ከተማ ዳር ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ዶሮዎቻቸውን የሚያውሉበት አጥር ተሠርቶላቸው ነበር። ሐሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን አጥር ባላቸው ቤቶች የሚኖሩ ልጆች በካምፒሎባክተር ተቅማጥ የተያዙት ከሌሎቹ ይልቅ በዝተው ተገኙ። ከዚህ የምንማረው አጥር ኩስን ባንድ ስፍራ እንደሚሰበስብ ነው። የተሰበሰበው ኩስ ካልደረቀና ካልተጠረገ፥ ልጅ ወደ አጥሩ ከገባ ወይም የዝናብ ውኃ ኩሱን ይዞ ወደ ደጃፍ ከወጣ፥ አጥር መሥራቱ ብቻውን አይበቃም። አጥሩ የሚጠቅመው መሬቱ ሲደርቅ ነው። ካምፒሎባክተር ድርቀትን አይችልም፤ በደረቀ ስፍራ ቶሎ ይሞታል።

2ኛ. ውኃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ዝናቧ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በበልግና በክረምት። መሬቱ ተዳፋት ስለ ሆነ ውኃ ካንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይወርዳል። በጁገል ውስጥ ደግሞ ግቢዎቹ ጠባብ፥ ቤቶቹም ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው፤ ባንድ ግቢ ውስጥ ሁለትና ሦስት ቤተ ሰብ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዶሮው የሚውልበት ማዕዘን ብዙውን ጊዜ ውኃውም የሚተኛበት ማዕዘን ሆኖ ይገኛል።

የሚከተለው ንግግር ለትምህርት ምሳሌ እንዲሆን የተጻፈ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ አንዲት አረጋዊት ግቢ ገብታለች።

— እማማ፥ እንደምን አደሩ? ዶሮዎቹስ እንዴት ናቸው?

— አይ ልጄ፥ ተይኝ እባክሽ! ዘንድሮ ከ12 ጫጩት 4 ብቻ ተረፈኝ። ጭድ አልብሼ አልብሼ ደከመኝ፤ ጓሮው ግን ሁልጊዜ ጭቃ ነው። መሬቱ መጥፎ ነው መሰለኝ።

— ዝናብ ሲዘንብ ወጥተው አይተውት ያውቃሉ?

— በዝናብ ደግሞ ማን ይወጣል?

— እንግዲያው በሚመጣው ዝናብ ጋቢዎን ደርበው ከበራፉ ላይ ይቁሙና ይመልከቱ። ውኃው የሚገባበትን አንድ፥ የሚተኛበትን ሁለት፥ የሚወጣበትን ሦስት ብለው ይያዙ። ሲያባራ በሦስቱም ቦታ ችካል ይትከሉ።

በሳምንቱ ሠራተኛዋ ተመልሳ መጣች።

— አየሽ ልጄ፥ ለካ የከፋው መሬቱ አይደለም! የቆርቆሮው ውኃ በሙሉ እዚያው ዶሮዎቹ ላይ ነው የሚወርደው። ከላይ ከጎረቤት የሚመጣውም በአጥሩ ሥር ሾልኮ እዚያው ይተኛል። መውጫ የሚባል ነገር የለውም።

— ይኸው በሽታውን ራስዎ አገኙት፥ እማማ። እንግዲህ መድኃኒቱ ቀላል ነው።

እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። በጋ ከሆነ ዝናብ አትጠብቁ፤ አንድ ጀሪካን እጣቢ ከላይኛው ጫፍ አፍስሱና የሚሄድበትን ተከተሉ። ቀጥሎ ያለውንም ሒሳብ አስቡት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። እንግዲህ 20 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ቆርቆሮ ላይ አንድ ቀን 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 600 ሊትር፥ ማለት ባለ 20 ሊትር 30 ጀሪካን ውኃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በዶሮ መዋያ ላይ ሲፈስ ምን ያህል ጭድ ያደርቀዋል?

3ኛ. ውኃውን መመለስ

ዋናው ደንብ ይህ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ከኩስ ጋር ሳይገናኝ በፊት ይመለስ። ኩስ የነካው ውኃ ፍሳሽ ነው፤ ኩስ ያልነካው ግን ሀብት ነው።

ሀ. የጣራ ውኃ። በዶሮ መዋያው በኩል ባለው የጣራ ጠርዝ አሸንዳ ግጠሙ። የአሸንዳው ውኃ በበርሜል ቢጠራቀም ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል። ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃ ታገኝ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በደረቀ ጊዜ የከተማው ሰው የደረሰበትን ችግር ታላላቆቻችሁ አይረሱትም። ስለዚህ የጣራ ውኃ ጭቃ ሆኖ ሲቀር ማየት ያሳዝናል። ነገር ግን በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ክዳን ከሌለ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ ይታሰር። ምክንያቱም በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሐር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው፥ በኋላም በጎረቤታችን በድሬዳዋ የታየችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በበርሜልና በገንዳ ውኃ ውስጥ ትራባለች። በ2013 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋን ያስጨነቀው የደንጊ ትኩሳትም የሚተላለፈው በቤት ውስጥ ውኃ በምትራባ ሌላ ትንኝ ነው።

ለ. ከላይ የሚመጣ ውኃ። ከመዋያው በላይ በኩል፥ ከአጥሩ ውጭ፥ ስንዝር ያህል ጥልቀትና ስንዝር ተኩል ያህል ወርድ ያለው ቦይ ቆፍሩ። ቦዩ መዋያውን ከላይና ከጎን ከብቦ ውኃውን ወደ ታች ይወስደዋል። የወጣውን ዐፈር በመዋያው በኩል እንደ እርከን ደልድሉት። የእርከንን ሥራ የሐረርጌ ገበሬ ያውቀዋል፤ ለማሽላው ማሳ የሚያደርገውን ለዶሮውም ያድርግለት።

ሐ. በራሱ በመዋያው ላይ የሚወርድ ዝናብ። መሬቱ ከቤቱ ወደ ውጭ ይዘቅዝቅ። በ1 ሜትር ርቀት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃዋል። 4 ሜትር ርዝመት ላለው መዋያ የላይኛው ጫፍ ከታችኛው በአራት ወይም በአምስት ጣት ከፍ ይላል ማለት ነው። ከዚህ እጅግ የበለጠ ተዳፋት ሲሆን ውኃው ኩሱንና ጉዝጓዙን ጠርጎ ይወስዳል። የጎደጎደው ስፍራ ሁሉ ይሞላ። ዶሮ ጭራ ጭራ ጉድጓድ ስለምታወጣ በየጊዜው መመልከት ያስፈልጋል።

መ. መውጫው። በታችኛው ጫፍ ቦይ አድርጉና በገጠር ለሚገኝ ሰፊ ግቢ ውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፍሩ። ርዝመቱ፥ ወርዱና ጥልቀቱ አንዳንድ ሜትር ይሁን፤ ከሥር ትልልቅ ድንጋይ፥ ከላይ ጠጠር ይሞላ። ጉድጓዱ ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር፥ ከሚጠጣ ውኃ ጉድጓድ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከውኃ ጉድጓዱም በታች በኩል ይሁን።

በጁገል ውስጥ ግን ይህንን ጉድጓድ አትቆፍሩ። የጁገል ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ ናቸው፤ በመሠረታቸው ሥር የገባ ውኃ ግድግዳውን ያላላዋል። እዚያ የሚሻለው የዶሮውን መዋያ በቆርቆሮ ክዳን ጨርሶ መሸፈንና የክዳኑን ንጹሕ ውኃ በድንጋይ በተነጠፈ ጠባብ ቦይ ወደ መተላለፊያው መውረጃ መስደድ ነው። ይህንንም ከጎረቤትና ከቀበሌ ጋር ተማክራችሁ አድርጉት፤ የእናንተ ጭቃ ወደ ጎረቤት ደጃፍ ቢሄድ ንጽሕና አይባልም። በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የከተማውን ግንብ ግን ለፍሳሽ ብላችሁ አትንኩት።

ሠ. መውጫውን በሽቦ ዝጉ። ጅብ በግንቡ ቀዳዳ እየሾለከ ወደ ከተማ እንደሚገባ የሐረር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሸለምጥማጥም እንደዚሁ ለውኃ የተተወውን ቀዳዳ አጥንቶ ይመጣል። ስለዚህ ቦዩ በአጥሩ ሥር በሚያልፍበት ቦታ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ምቱበት፤ ቅጠልና ላባ እንዳይደፍነው በየሳምንቱ ጥረጉት።

4ኛ. መሬቱን ማልበስ

ውኃው ከተመለሰ በኋላ መሬቱን ማልበስ ይቻላል። አስቀድሞ ላይኛው እርጥብ ዐፈርና የቆየው ኩስ በአካፋ ተቧጦ ይውጣ። ቦታው ረግረግ ከሆነ ከሥር ደቃቅ ድንጋይ፥ በላዩ ጠጠር፥ በጠጠሩ ላይ ሻካራ አሸዋ ተደርጎ በሁሉም ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ዳርና ዳሩ በድንጋይ ይታጠር። ጥቁር ዐፈርና ሸክላነት ያለው ዐፈር አትጨምሩ፤ ውኃ ይይዛሉና።

በዚህ ላይ የሚደረገው ልብስ ጉዝጓዝ ይባላል። በሐረርና በአካባቢዋ የሚገኙት የሚከተሉት ናቸው።

ሻካራ አሸዋ፦ ለውጭ መዋያ ከሁሉ ይሻላል። ውኃ ያሳልፋል፥ አይበሰብስም፥ ኩሱ ከላዩ ይታያልና በቀላሉ ይለቀማል። ደቃቁ አሸዋ ግን እንደ ጭቃ ይለጥፋል።

የእንጨት ፍቅፋቂና ሰጋቱራ፦ ከአናጢ ቤት ይገኛል። ለዶሮ ማደሪያና ክዳን ላለው መዋያ ጥሩ ነው። ወፍራሙ ፍቅፋቂ ከደቃቁ ሰጋቱራ ይበልጣል፤ ደቃቁ አቧራ ስለሚሆን የጫጩትን ትንፋሽ ያውካል። ቀለምና መድኃኒት ከተቀባ እንጨት የወጣውን አትቀበሉ።

የኦቾሎኒ ገለፈት፦ ከሐረር በስተ ምሥራቅ ያለችው ባቢሌ በኦቾሎኒዋ የታወቀች ናት። ገለፈቱ ሲደርቅ እርጥበት ይመጣልና ጥሩ ጉዝጓዝ ይሆናል። ነገር ግን እርጥበት ካገኘ ቶሎ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ዶሮንም ሰውንም የሚጎዳ መርዝ ያወጣል። ስለዚህ በእጃችሁ ስታፍሱት ደረቅ፥ ስታሸቱት ሻጋታ ሻጋታ የማይል መሆን አለበት። ስለ ቡና ገለፈትም የሚባለው ይኸው ነው።

ጭድና የተከተከተ የማሽላ አገዳ፦ በየቤቱ ይገኛል። ክዳን ባለው ስፍራ ደኅና ያገለግላል። ዝናብ በሚያገኘው ሜዳ ላይ ግን ውኃ ጠጥቶ ይበሰብሳል። ከተጠቀማችሁበት አጭር አጭር አድርጋችሁ ቆራርጡት፤ ረጅሙ እርስ በርሱ ተያይዞ ከሥሩ ያለውን እርጥበት ይደብቃል።

ገራባ፦ ብዙ ሰው ከጫት የተረፈውን ቅጠልና እንጨት ለፍየል ይሰጣል፤ የቀረውንም ዶሮ መዋያ ላይ ይጥለዋል። ይህ መልካም አይደለም። ጫት አንዳንድ ጊዜ የተባይ መድኃኒት የተረጨበት ስለሚሆን ዶሮዋ ቅጠሉን ስትለቅም መርዙን ትወስዳለች፤ እርሷ ከወሰደች እንቁላሏም ላያመልጥ ይችላል።

ሣር፦ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ከሁሉ የሚያምረው ሕያው ልብስ ነው። ሰርዶ ጠንካራ ሣር ስለ ሆነ መጫርን ይችላል። ነገር ግን አንዲት ዶሮ 10 ካሬ ሜትር ያህል ካላገኘች ሣሩን እስከ ሥሩ ትጨርሰዋለች። ስለዚህ ሜዳውን በአጥር ከሁለት ክፈሉ፤ ዶሮዎቹ ባንዱ ሲውሉ ሌላው ሁለት ወር ያህል ይረፍ። ያረፈው ሜዳ ፀሐይ ያገኛል፥ ሣሩም ያገግማል፥ ጥገኛ ተሕዋሱም ይቀንሳል።

የጉዝጓዙ ውፍረት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መድረቁን ለማወቅ አንድ ጭብጥ አንሥታችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቶሎ ከተበተነ ደኅና ነው። እንደ ሊጥ ተጨብጦ ከቀረ እርጥብ ነውና ይውጣ። ከሠራችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

5ኛ. የየዕለቱና የየሳምንቱ ሥራ

በየቀኑ ጧት በቆጡ ሥር የወደቀው ኩስ ይጠረግ፤ ሌሊቱን የሚወርደው ኩስ ብዙ ነውና። የውኃ መጠጫው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ በዶሮዋ ጀርባ ልክ ይቀመጥ፤ እንዲህ ሲሆን አይደፋም፥ ኩስም አይገባበትም። የቀረው ውኃ በየቀኑ ይደፋና ዕቃው ይታሸት።

በየሳምንቱ ጉዝጓዙ ይገላበጥ፤ እርጥቡ ብቻ ተለይቶ ይውጣና ደረቅ ይተካበት። ቦዮቹም ይጠረጉ።

በልግና ክረምት ከመግባታቸው በፊት ጉዝጓዙ በሙሉ ይለወጥ፤ የማደሪያው ግድግዳ በኖራ ይቀባ። ሐረሮች ቤታቸውን በኖራ ማንጣት የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ለዶሮውም ቤት ጥቂት ያካፍሉት። ኖራ ተባይ የሚሸሸግበትን ስንጥቅ ይደፍናል፥ እርጥበትም ይስባል። ነገር ግን ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ሲቀባ ልጆችና ዶሮዎች ይራቁ፤ ሳይደርቅም አይመለሱ።

ስትጠርጉ ሕፃን አትዘሉ፤ አፍና አፍንጫችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ደረቁን ጉዝጓዝ ጥቂት ውኃ አርከፍክፉበት፥ አቧራው እንዳይነሣ። ለዶሮ መዋያ ብቻ የሚሆን አንድ ጫማ ይኑራችሁና ከበሩ ላይ ይቅር፤ ወደ ቤት አይግባ።

የተጠረገው ኩስና ጉዝጓዝ ከቤት ርቆ ባንድ ቦታ ይከመር፥ በዐፈር ወይም በላስቲክ ይሸፈን። ቢያንስ ሦስት ወር ከቆየና ከተብላላ በኋላ ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ትኩሱን ኩስ ጥሬ በሚበላ ሰላጣና ቲማቲም ላይ አታድርጉ።

በመዋያው አንድ ማዕዘን፥ ክዳን ባለበት ስፍራ፥ ደረቅ ዐፈርና አመድ የሞላ ሣጥን አኑሩ። ዶሮዎች በዚያ እየተንከባለሉ ቅማላቸውን ያራግፋሉ።

6ኛ. ልጁንና ዶሮውን መለየት

ዶሮዎቹ ከሰው ቤት ውስጥ ማደራቸው ይቅር። ከሌባና ከአውሬ የተነሣ ብዙ እናት ቆጡን ቤት ውስጥ ታደርጋለች፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ በውጭ በኩል የተሠራ፥ በር ያለው፥ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ያለ ማደሪያ ሁለቱንም ይመልሳል። ወለሉ ከተፈለጠ እንጨት ጣት በማያሾልክ ክፍተት ቢሠራ ኩሱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለመጥረግም ይቀላል። ለ1 ካሬ ሜትር ከ5 የበለጡ ዶሮዎች አይታጎሩ።

ለሚድኽ ሕፃን ደግሞ ዶሮ የማይደርስበት ምንጣፍ ወይም ሰሌን ይነጠፍለት። ምንጣፉም በየጊዜው ታጥቦ ፀሐይ ይሙቅ። ትልልቆቹ ልጆች እንቁላል ሲለቅሙ ከዋሉ፥ ሳይበሉ በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ኩስ የነካው እንቁላል ከመሰበሩ በፊት ይጠረግ፤ ለልጅም በደንብ ተቀቅሎ ይሰጥ።

7ኛ. የታመመችና የሞተች ዶሮ

ደም የተቀላቀለበት የሚያስቀምጣት፥ ወይም አንገቷን የምታጣምም ዶሮ ስታዩ ከሌሎቹ ለዩአትና ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ በጊዜው ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። ፈንግል ከያዛት ግን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚያድነው አስቀድሞ መከተብ ነው።

የሞተችውን ዶሮ ለጅብ ብላችሁ በመተላለፊያ ላይ አትጣሉ። ጅቡ ሳይደርስባት ውሻና ድመት እየጎተቱ ካንዱ ግቢ ወደ ሌላው ያዞሯታል፤ በሽታውንም ለጎረቤት ዶሮዎች ያድላሉ። ከቤትና ከውኃ ጉድጓድ ርቃችሁ በጥልቁ ቅበሯት ወይም አቃጥሏት።

እናቶች የሚጠይቁት ጥያቄ

ጥያቄ፦ ግቢውን ሲሚንቶ ብናደርገው አይሻልም ወይ?

መልስ፦ ለመጥረግ ይቀላል፤ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዝቅዛቄው ካልተስተካከለም ውኃ ይተኛበታል። ዶሮም መጫር ትፈልጋለችና በላዩ ጉዝጓዝ አይቀርም።

ጥያቄ፦ አመድ ብቻ ብነሰንስ አይበቃም?

መልስ፦ ጥቂት እርጥበት ይመጥጣል። ዝናብ ሲያገኘው ግን ራሱ ጭቃ ይሆናል። ለመንከባለያ ሣጥኑ አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ሁሉን ባንድ ጊዜ ለመሥራት አቅም የለኝም፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ዛሬ በዶማ ከላይ ያለውን ቦይ ቆፍሪ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ነገ ዶሮዎቹን ከሕፃኑ መኝታ አውጪ። አሸንዳውንና አሸዋውን ቄብ በሸጥሽ ጊዜ ታደርሺዋለሽ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ትምህርት አራት ነገር ያዙ።

1. በዝናብ ጊዜ ወጥታችሁ ውኃው የሚገባበትን፥ የሚተኛበትንና የሚወጣበትን እዩ።
2. ንጹሑን ውኃ ኩስ ሳይነካው መልሱት።
3. መሬቱን የምታለብሱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ልብሱም ሲጨበጥ የሚበተን ይሁን።
4. የዶሮ ኩስና የሚድኽ ልጅ ባንድ ወለል ላይ አይገናኙ።

አባቶችም ይህንን አንብቡ፤ ዶማውና አካፋው በእናንተ እጅ ነውና ሥራውን ለእናት ብቻ አትተዉ። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይባላል። በጭቃ ውስጥ የምትጭር ዶሮ ለራሷም ለልጃችሁም ካራ ታወጣለች፤ በደረቅ መሬት የምትጭር ግን ጥሬዋን ታገኛለች። ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ቦያችሁን ቆፍሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።